ክራሩ ለምን ጢዝዝ ይላል?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርታዊ ጽሑፍ ስለ ክራር ነው። ስለ አጨዋወቱ አይደለም፤ እሱን ከኔ የተሻለ የሚያውቁት አሉ። የኔ ርዕስ ክራር ሲደረደር ከዜማው ጋር አብሮ ጢዝዝ ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ያልተፈለገ ድምፅ ሲያወጣ፣ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው።

መጀመሪያ ክራሩን እንየው። ከታች ተቦርቡሮ የተሠራ ገበቴ አለ፤ አፉ በቆዳ ተሸፍኗል፤ ቆዳው ከጀርባ በጠፍር ተወጥሮ ታስሯል። ከገበቴው ሁለት ቋሚዎች ይወጣሉ፤ ከላይ ቀንበሩ ያገናኛቸዋል። ክሮቹ ከታች ታስረው፣ ቆዳው ላይ በተቀመጠችው ብርኩማ በምትባል ትንሽ እንጨት ላይ ያልፉና ቀንበሩ ላይ ባሉት መቃኛዎች ይጠመጠማሉ። ክሮቹ ስድስት ናቸው። አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የአንዱ እጥፍ ነው።

በሳይንስ እንደተማርነው ድምፅ የሚፈጠረው በንዝረት ነው። አንድ ክር በሰከንድ 200 ጊዜ ከተርገበገበ ድግግሞሹ 200 ኸርዝ ነው እንላለን። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን መስማት ይችላል። ክሩ ብቻውን ግን ድምፁ ትንሽ ነው። ንዝረቱ በብርኩማዋ በኩል ወደ ቆዳው፣ ከቆዳው ወደ ገበቴው ሲተላለፍ ነው የሚጎላው። ስለዚህ አንድ ክር ስትነኩ ክራሩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ከላዩ ላይ የላላ ነገር ካለ እሱም አብሮ ይንቀጠቀጥና ጎረቤቱን ይመታል።

ደግሞ የላላ ነገር ሁሉ በሁሉም ድምፅ አይንቀጠቀጥም። ዥዋዥዌ ጊዜውን ጠብቃችሁ ስትገፉት ብቻ ከፍ ከፍ እንደሚለው፣ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ድግግሞሽ አለው። በአስፋልቱ ዳር ሲኖትራክ ሞተሩን ሳያጠፋ ሲቆም የክፍላችን መስታወት ይንቀጫቀጫል አይደል? ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ጭጭ ይላል። መኪናው ጩኸቱን ጨምሮ መስታወቱ ዝም ማለቱ ይገርማል፤ ግን ምክንያቱ ድግግሞሹ ስለተቀየረ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይመጣል። ጢዝታው የሚከተለው ክሩን ነው ወይስ ድምፁን? አንድን ክር ከፍም አድርጋችሁ ዝቅም አድርጋችሁ ስትቃኙት ጢዝታው ካልለቀቀው፣ በሽታው ያለው እዚያው ክር ላይ ወይም ክሩ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ክሩን ትንሽ ስትወጥሩት ጢዝታው ከጠፋ፣ ከዚያ ሌላ ክር ወደዚያው ድምፅ ስታመጡት እሱም ጢዝዝ ካለ ግን ክሮቹ ንጹሕ ናቸው። ያን ድምፅ እየጠበቀ የሚንቀጠቀጥ የላላ ነገር ሌላ ቦታ አለ።

ይህን የሞከርነው በክበባችን ክራር ነው። በግንቦት መጨረሻ ጢዝዝ ማለት ጀመረ፤ በድምፅ ማጉያ ሲሆንማ አይጣል ነው። የምትጫወተው የ6ኛ ክፍል ተማሪ ለወላጆች ቀን ሁለት ወር ሙሉ ተለማምዳለች። ብዙ ሰው «ቆዳው ይቀየር» አለ። ቆዳ መቀየር ማለት ግን የነበረውን አውልቆ፣ እርጥብ ቆዳ ወጥሮ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በሰኔ፣ በእንጅባራ ዝናብ፣ መቼ ሊደርቅ ነው? ካልደረሰ ደግሞ በእሷ ቦታ ከፍላሽ ሙዚቃ ይከፈታል ተባለ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ ክራሩን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ወጣች። የክበቡ ተጠሪ መምህራችን እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጡን።

በመጀመሪያ ከሚኒ ሚዲያ ክፍሉ ወደ ሜዳው ወጣን። ክፍሉ ውስጥ ቁም ሣጥን፣ መስታወት፣ ቆርቆሮ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ጥፋተኛው ከእነሱ አንዱ ቢሆንስ? የጃኬቷ ዚፕ ገበቴውን ስለሚነካ እሱንም አወለቀች፤ አምባሯንም። ጢዝታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ሌሎቹን ክሮች በመዳፍ አፍነን አንድ በአንድ ነካናቸው። ሁለት ክሮች ብቻ ጢዝዝ አሉ፤ አራተኛውና ወፍራሙ። አራተኛው እንዴትም ቢቃኝ ያው ነው። ወፍራሙን ግን ትንሽ ስንወጥረው ጸጥ አለ፤ ጎረቤቱን ክር አላልተን ወደዚያ ድምፅ ስናወርደው ጢዝታው ወደ እሱ መጣ! አንድ የመሰለን በሽታ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

የአራተኛው ቀላል ነበር። ክሩ የሽቦ ስለሆነ ብርኩማዋ ላይ ያለውን ጭረት በልቶ አስፍቶታል፤ ሲመታ ጭረቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ እንጨቱን ይነካካል። ከሥሩ ቁራጭ ወረቀት ስንከት ዝም አለ። ወረቀቱ ለፈተና ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ በኋላ በሞረድ ጠርዝ ከጎኑ ጠበብ ያለ ጭረት አወጣንለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክራርን የሚያበላሸው ይህ ነገር ለበገና ውበቱ ነው። በሁዳዴ ጾም በሬዲዮ የአለሙ አጋን በገና ሰምታችሁ ከሆነ ያንን የሚንዘረዘር ድምፅ ታውቁታላችሁ። በገና አሥር ክሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ክሩ ሲነካ ብርኩማውን በጥቂቱ እየነካካ እንዲነዝር የምታደርገው እሷ ናት። ከቦታዋ ስትንሸራተት በገናው ድምፁ ይጠፋል፤ ደርዳሪውም እስኪነዝር ድረስ ያስተካክላታል። እኛ ጢዝታውን ስናባርር እነሱ ፈልገው ያመጡታል።

የወፍራሙ ክር ነገር አደከመን። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ያንኑ ድምፅ እየደጋገመ ይነካል፣ ሌላው የተጠረጠረውን ቦታ ሁሉ በጣቱ እየተጫነ ጆሮውን ይጥላል። ጣት ሲያርፍበት ጢዝታው ከጠፋ ተገኘ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መንካት ግን አይቻልም፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅማ። መቃኛዎቹን ተጫንን፣ የለም። ከመቃኛው የተረፉትን የክር ጫፎች ቆረጥን፣ የለም። ከቀንበሩ ላይ የባንዲራውን ሪባን ፈታን፣ የለም። ገበቴውን ነቀነቅን፤ ውስጡ የገባ ስንጥርም ጥሬም የለም። ተሰንጥቆ እንደሆነ ብዬ በጣቴ አንኳኳሁት። እናቴ ገበያ ጀበና ስትገዛ እንደምታደርገው ነው፤ ደህናው ጀበና ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል። ገበቴው ደህና ነበር።

በመጨረሻ ከጀርባ ተገኘ። ቆዳውን ከሚወጥረው ጠፍር አንደኛው ጫፍ ደርቆ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ጥፍር አታክልም፣ ግን እንጨቱን ይመታል። ጣቴን ሳሳርፍበት ጸጥ፣ ሳነሳ ጢዝዝ። ሦስት ጊዜ ደጋግመን አረጋገጥን። ጫፉን በውኃ አርሰን ከሌላው ጠፍር ሥር አስገብተን አሰርነው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር በማግስቱ ራሱን አጥብቆ አገኘነው። ቆዳው አልተቀየረም፤ ለሁለቱ በሽታዎች አንድ ብር አልወጣም።

ቆዳው ይቀየር ያሉትም ዝም ብለው አይደለም። ክረምት ሲገባ ቆዳ እርጥበት ይስብና ይላላል፤ ብርኩማዋም ዝቅ ትላለች። ግን የላላ ቆዳ በብዛት ድምፅ ያፍናል እንጂ ጢዝዝ አይልም። ቤት ውስጥ ከእሳት ራቅ ብሎ ቢሰቀል ይመለሳል፤ ምድጃ ላይ ማስጠጋት ግን ይሰነጥቀዋል። ጊታር ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቦታ ፈልጉ፤ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አሉ፣ ክሩ ዝቅ ካለ እነሱን እየነካ ይጮሃል። ክራር ከዚህ ተገላግሏል።

አሁንም በግርፍ ጠንከር አድርጋ ስትመታው ትንሽ ጢዝ ይላል። ልንፈልገው ስንል «ተዉት፣ እሱን ወድጄዋለሁ» አለችን። በወላጆች ቀን ትሰሙታላችሁ።

አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ማሲንቆዬ ያጉረመርማል ብሎ አምጥቶልናል። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው (የፈረስ ጭራ በአዊ አይጠፋም)። ሌላ ክር ስለሌለ ፈተናውን በጣት እናደርገዋለን። ጣት ክሩ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ሲሄድ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ካጉረመረመ ድምፁን ነው የሚከተለው፤ በሁሉም ቦታ ካጉረመረመ ክሩን። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት እንጀምራለን፤ ጆሮ ያለው ይምጣ።