የእሽቅድምድም ፍርድ ከመነሻው

ጉለሌ የሚኖር ሰው ስለ ፈረስ ቢጽፍ የሚገርም አይመስለኝም፤ ጃን ሜዳ ደጃችን ነውና። በንጉሡ ዘመን የፈረስ እሽቅድምድም ይደረግበት ነበር፤ በጥምቀት ሰሞን ጉግስ ይታይበታል፤ አገር አቋራጩ ሩጫም ስሙን ከሜዳው ወስዷል። ተመልካች ሁልጊዜ የሚከራከረው «ማን ቀደመ?» እያለ ነው። እንዴት እንደተነሱ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ማብቂያው ላይ የሚፈጸም ስሕተት የአንድ ወይም የሁለት ፈረስ ደረጃ ያዛባል። መነሻው ላይ የሚፈጸመው ግን ውድድሩን በሙሉ ያፈርሰዋል፤ ሰውም ይጎዳል። ሯጭ መስመር ላይ ቁም ቢሉት ይቆማል። ፈረስ ግን ይዞራል፣ ወደኋላ ይላል፣ ጎኑ ያለውን ይራገጣል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዲናችን ዝም አላለም። ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረሶችን አሽቀዳድመዋል። መነሻው ግን አንድ አልነበረም። ለውድድር የተዘጋጁት ከሐፍያእ ተነስተው እስከ ሰኒየተል ወዳዕ ሲሮጡ፣ ያልተዘጋጁት ከሰኒያ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ ሮጡ። ሱፍያን ርቀቱን ሲገልጹ የመጀመሪያው 5 ወይም 6 ማይል፣ ሁለተኛው 1 ማይል ነው ብለዋል። ዝግጅቱ «ተድሚር» ይባላል። ፈረሱ በደንብ ተቀልቦ ከደለበ በኋላ መኖው ይቀነስለታል፤ ቤት ገብቶ ግላስ እየተደረበበት ያልበዋል፤ ስቡ ሲቀልጥ ሥጋው ይጠነክራል። እንዲህ የከረመውን ፈረስ ትናንት ከግጦሽ ከመጣው ጎን አሰልፎ «እኩል ተነሱ» ማለት ፍትሕ ይመስላል እንጂ አይደለም። ያልተዘጋጀውም እልህ ይዞት ሲከተል መሐል መንገድ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ አንዱ ሥርዓት ፍትሑንም ደኅንነቱንም ጠብቋል ማለት ነው።

ዳረቁጥኒና በይሀቂ ያሰፈሩት ሌላ ዘገባም አለ። ሰነዱ ደካማ ስለሆነ የምጠቅሰው ለአሠራሩ ምሳሌነት ብቻ ነው። በዘገባው መሠረት ዐሊይ (ረ.ዐ.) የውድድሩ ኃላፊነት ተሰጣቸው፤ እሳቸውም ማስነሳቱን ለሱራቃ ኢብን ማሊክ አስረከቡ። ትእዛዙ እንዲህ ነው። መነሻው ላይ ፈረሶቹን አሰልፍ፤ ከዚያም ልጓም የሚያስተካክል፣ ልጅ የሚያወጣ፣ ግላስ የሚያነሳ እንዳለ ሦስት ጊዜ ተጣርተህ ጠይቅ፤ መልስ የሚሰጥ ከሌለ ሦስት ጊዜ ተክቢራ አድርግና በሦስተኛው ልቀቃቸው። (ልጅ የተባለው ጋላቢው ነው፤ ቀላል ስለሆነ ልጅ ይጫን ነበር።) እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። ማንኛውም ተወዳዳሪ «ቆይ» የማለት መብት አለው፤ ሁሉም ደግሞ በየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ አስቀድሞ ያውቃል።

ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ እንግሊዞች በትልቁ ውድድራቸው አይተውታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1993 በኤንትሪ ሜዳ 39 ፈረሶች ለግራንድ ናሽናል ተሰለፉ። መነሻው የተወጠረ ገመድ ነበር። አንዴ ተነሱና ተመለሱ። በሁለተኛው ገመዱ የአንድ ጋላቢ አንገት ላይ ተጠመጠመ፤ አስጀማሪው መልሶ መጥሪያ ባንዲራውን ቢያወዛውዝ አልተዘረጋለትም። 30 ፈረሶች ነጎዱ፤ 7ቱ እስከ መጨረሻው ሮጡ፤ ቀድሞ የገባው ኤሻ ነስ ምንም አላገኘም፤ ውድድሩ ተሰረዘ። ወደ 75 ሚሊዮን ፓውንድ የውርርድ ገንዘብ ተመለሰ ይባላል። የቁማሩ ሐራምነት ለብቻው የሚጻፍበት ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያስገረመኝ ያ ሁሉ ዝግጅት በአንድ ያልተዘረጋ ጨርቅ መፍረሱ ነው።

መሰናክል የሌለበት ግልቢያ ዛሬ በብዙ አገር ከብረት ሳጥን ነው የሚነሳው። በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ዓይነት በካናዳ በ1939 ሥራ ጀመረ፤ እንግሊዝ ሳጥኑን የተቀበለችው በ1965 ነው። እያንዳንዱ ፈረስ በዕጣ በደረሰው ክፍል ይገባል፤ በሮቹ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ።

እኛ ሳጥን የለንም፤ ይምጣ ብዬም አልከራከርም። ከእንጦጦ ወዲያ፣ በሱሉልታ በኩል ያየሁት አንድ የሠርግ ሰሞን ግልቢያ ግን አሳስቦኛል። አስጀማሪው የአንዱ ባለ ፈረስ ወንድም ነበር፤ እጁን የጣለው የወንድሙ ፈረስ አንገቱን ሲያስቀድም ጠብቆ ነው። ከኋላ ጎረምሶች እየጮኹ የወገናቸውን ፈረስ በአለንጋ ይነዱ ነበር። ይህን ሊቃውንት «ጀለብ» ይሉታል፤ በእሽቅድምድም ውስጥ በሐዲስ የተከለከለ ነው። ልጆች ደግሞ ከመነሻው ሃያ እርምጃ ፊት ለፊት ተኮልኩለው ነበር። የዚያን ቀን አላህ አወጣቸው።

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓላቸውን የሚያከብሩትን የአገው ፈረሰኞች የመሰለ የተደራጀ ማኅበር ይህን በጽሑፍ ቢያሰፍረው ሌላው ይከተለው ነበር። ወጪው ከገመድና ከሁለት ባንዲራ አያልፍም። አስጀማሪው ፈረስ የሌለው ሰው ይሁን። ሁለተኛ ባንዲራ የያዘ ሰው መቶ ሜትር ያህል ወደፊት ይቁም፤ ባንዲራው እንደሚዘረጋ ውድድሩ ሳይጀመር ይሞከር። ቦታ በዕጣ ይያዝ። ተመልካቹ፣ በተለይ ሕፃናቱ፣ ከገመዱ ጀርባ ካልሆኑ ጥሪው አይጀመር።