በአበባና በግልገል ስለሚገኝ ደስታ

ምስጋና ኹሉ ምድርን ከደረቀች በኋላ በዝናም ለሚያለመልማት፥ ለሚጠባ ግልገልም ከእናቱ ጡት ሲሳዩን ላዘጋጀለት ለአላህ ይኹን። የአላህ ውዳሴና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አበባና ስለ ታናናሽ እንስሳት ነው። ይህን ርእስ ያየ ነጋዴ ወንድማችን «ይህስ የሕፃናት ነገር ነው» ብሎ ገጹን ሊገለብጠው ይችል ይኾናል። ነገር ግን አላህ በመጽሐፉ ያነሣውን ነገር ታናሽ ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም።

በሱረቱ-ነሕል፥ ይኸውም «የንብ ምዕራፍ» በተባለው ክፍል፥ ከ5ኛው እስከ 8ኛው አንቀጽ ያለውን የነገሩን ቅደም ተከተል እንመልከት። አላህ የቤት እንስሳትን ለእኛ እንደ ፈጠረ ሲያስታውሰን፥ በመጀመሪያ ከእነርሱ የምናገኘውን ሙቀትና ልዩ ልዩ ጥቅም፥ ደግሞም ከእነርሱ መብላታችንን ያነሣል። ቀጥሎም ያለ ብርቱ ድካም ወደማንደርስበት አገር ሸክማችንን እንደሚያደርሱልን ይናገራል። ይህ ኹሉ ነጋዴ የሚያውቀው ሒሳብ ነው፤ የጠጉር፥ የሥጋና የጭነት ሒሳብ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ከሒሳብ ውጭ የኾነ አንድ አንቀጽ ገብቷል። እርሱም እንስሳቱ ማታ ወደ በረት ሲመለሱና ጧት ወደ መስክ ሲሰማሩ ስለምናይባቸው ውበት የሚናገረው 6ኛው አንቀጽ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ውበቱ የዋጋው ምራቂ ኾኖ አልተነገረም። ራሱን ችሎ እንደ አንድ ጸጋ ተቈጥሯል። ለጸጋም ኹሉ ምስጋና ይገባል፤ ያላየውን ጸጋ ግን ማን ያመሰግናል?

የቁርኣን ተርጓሚዎች ደግሞ ስለ ምን ማታው ከጧቱ ቀድሞ እንደ ተነገረ መርምረዋል። በ538 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ሊቅ ዘመኽሸሪ፥ ከብቶቹ ማታ ሲመለሱ ሆዳቸው ጠግቦ፥ ጡታቸው በወተት ተመልቶ ስለሚመጡ ውበታቸው በዚያ ሰዓት ይበልጥ ይታያል ብለዋል። በገጠር ያደገ ሰው ለዚህ ትርጓሜ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። በወሎ ደጋ በደረሳነቴ ዘመን ይህን በየቀኑ አይ ነበር። ለመስክ ያልደረሱት ግልገሎች በቤት ይውላሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንጋው ከኮረብታው ሲወርድ የእናቶቹ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ በቤት ያሉትም ይመልሳሉ፤ በሩ ሲከፈት ጩኸቱ ኹሉ ይደባለቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እያንዳንዲቱ እናት የራሷን ልጅ አሽትታ ለይታ፥ የሌላይቱን ገፍታ ትመልሳለች። ግልገሉም በፊት ጕልበቱ ተንበርክኮ ጅራቱን እያራገበ ይጠባል። ያን ጊዜ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ ኪታባችንን ዘግተን በበረቱ ደጅ እንቆም ነበር። መምህራችንም ስለዚህ ተቈጥተውን አያውቁም፤ አንዳንድ ቀን እርሳቸውም አብረውን ይቆሙ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ጥፋት ልናገር። ይህን ትምህርት ሳዘጋጅ፥ በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ያለውን «ጀማል» የሚለውን የዐረብኛ ቃል «ውበት» ልበለው ወይስ «ጌጥ» እያልኩ አስብ ነበር። ታናሿ ልጄ እየሮጠች ገብታ «አባ! አባ! ፍየሏ ወለደች፤ ሁለት ናቸው!» አለችኝ። እኔም «እሺ ልጄ፥ ይህችን መስመር ልጨርስ» አልኳት። መስመሯ ሌላ መስመር ወለደች። በመጨረሻ ስወጣ ግልገሎቹ ተልሰው ደርቀው፥ በእግራቸው ቆመው ይጠቡ ነበር። ከአፌ ያመለጠኝም የመጀመሪያ ቃል «ወንድ ናቸው ወይስ ሴት?» የሚል ነበር። ይህ የገበያ ጥያቄ ነው። ልጄም «አንዱ ወንድ ነው» ካለችኝ በኋላ፥ «ሲነሡ ግን አላዩዋቸውም፤ ትንሿ ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው ነው የቆመች» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች። ስለ ውበት የምትናገረውን ቃል እያገላበጥኩ፥ አላህ በደጄ ያኖረውን ውበት ሳላይ ቀረሁ።

ምናልባት አንድ ሰው «አበባ ማየትና ከግልገል ጋር መጫወት ከዚክርና ከሥራ የሚያዘናጋ ከንቱ ነገር አይደለምን?» ይል ይኾናል። በ505 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ታላቁ ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙ-ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ስለ ፍቅር በጻፉት ክፍል ይህን ነገር ያብራሩታል። የሚያምር ነገር በራሱ ይወደዳል ይላሉ፤ ለዚህም ምሳሌ አድርገው ለምለም ሣርንና ወራጅ ውሃን ያመጣሉ። ሰው ሣሩን የሚወደው ሊበላው፥ ውሃውንም ሊጠጣው ብቻ እንዳልኾነ፥ በማየቱም ብቻ ልቡ እንደሚደሰት ያስረዳሉ። እኚህ ሊቅ ስለ ዓለም ከንቱነት ብዙ የጻፉ ሰው መኾናቸውን አንርሳ።

የነቢያችንንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ብንመለከት ይህን የሚያጠነክር እናገኛለን። በልጅነታቸው የመካን ሰዎች በጎች በደመወዝ እንደ ጠበቁ ራሳቸው ተናግረዋል። ዝናም በወረደ ጊዜ ከልብሳቸው ገለጥ አድርገው ጠብታው ሰውነታቸውን እንዲነካቸው ያደርጉ ነበር፤ ስለ ምን እንደ ኾነም ሲጠየቁ ዝናሙ ከጌታው ዘንድ ገና አሁን የመጣ አዲስ ነገር ስለ ኾነ ነው ብለዋል። የአነስ ታናሽ ወንድም የኾነ አባ ዑመይር የሚባል ሕፃን ደግሞ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት ባዘነ ጊዜ፥ ነቢዩ ስለ ወፊቱ በመጠየቅ አጫውተውታል። ይህን አጭር ሐዲስ በ335 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢብኑል-ቃስ የተባሉ የሻፊዒይ ሊቅ ስልሳ ያህል ትምህርት አውጥተውበት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈውበታል። የአንድ ሕፃን ወፍ ለሊቅ መጽሐፍ ከበቃች፥ የልጃችን ግልገል ለእኛ ጥቂት ጊዜ እንዴት አትበቃም?

ወደ አበባው እንለፍ። ዐረቦች የአበባውን ወራት «ረቢዕ» ይሉታል። ከወሮቻችንም ሁለቱ፥ ረቢዐል-አወልና ረቢዐ-ሣኒ፥ በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ነገር ግን የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፥ እነዚህ ወሮች በክረምትም በበጋም ይውላሉ። በሻም አገር ለውዝ በየካቲትና በመጋቢት ሲያብብ፥ በእኛ አገር ግን ትልቁ የአበባ ወራት ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ነው። ያን ጊዜ ሜዳው፥ የማሳው ዳርና የተራራው ጥግ ቢጫ ይለብሳል። ደሴን የሚያውቅ ሰው የጦሳን ተራራ በዚያ ወር ይመልከት። ዐደይ አበባን ማንም አልዘራውም፤ ማንም አላጠጣውም፤ ባለቤት ነኝ የሚለውም የለም። ንቦች ግን ያውቁታል፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠው ማር ከዚያ ወራት አበባ የተሰበሰበ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላም አበባው ይረግፋል። ቁርኣን ይህን የምድር መለምለምና መድረቅ የዓለም ሕይወት ምሳሌ፥ የትንሣኤም ማስረጃ አድርጎ በብዙ ስፍራ አቅርቦታል፤ ስለዚህ ነገር በሌላ ትምህርት ተናግረናልና አሁን አንመለስበትም።

ይልቁንም ነጋዴዎች ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ደኅንነቱ ሳይታይ በዛፍ ላይ እንዳለ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ ተምር እስኪቀላ ወይም ቢጫ እስኪኾን ድረስ አይሸጥም። ምክንያቱንም ሲገልጹ፥ አላህ ፍሬውን ቢከለክል ሻጩ የወንድሙን ገንዘብ በምን መብት ይወስዳል የሚል ነው። የቡና አገር ሰዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል። ቡና በበልጉ ዝናም ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሽታው ሰፈሩን ይመላዋል፤ አበባውም ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ አይቈይም። ብርቱ ዝናም ቢመታው ወይም ውሃ ቢጠማው ፍሬ ሳይይዝ ሊረግፍ ይችላል። እንግዲህ ገንዘብ የቸገረውን ገበሬ በአበባው ወራት ደርሶ «የዚህን ማሳ ፍሬ ኹሉ አሁን ሽጥልኝ» የሚል ነጋዴ የተከለከለውን ነገር ያደርጋል። የተፈቀደው መንገድ ሌላ ነው፤ ይኸውም «ሰለም» የተባለው ውል ነው፤ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ፥ የእህሉ ወይም የፍሬው ዓይነት፥ ሚዛኑና የሚረከብበት ቀን ታውቆ፥ በአንድ በተለየ ማሳ ላይ ሳይታሰር የሚደረግ ነው። እንዲህ ከኾነ አበባው ለዐይን ብቻ ተተወ ማለት ነው። ሕጉ እንድናይበት ፈቅዶ እንዳንሸጥበት ከለከለን፤ በዚህ ውስጥ ለእኔ አንድ የሚያስደስት ጥበብ ይታየኛል።

ለግልገልና ለጥጃም እንዲሁ ነው። ላም ስትወልድ የሚገኘውን እንገር ጥጃው አስቀድሞ ሊጠባው እንደሚገባ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ሲያልቡም ጥጃውን አስቀድመው ያስጠባሉ፥ በኋላም ጥቂት ይተዉለታል። ዲራር የተባሉት ሶሓባ አንዲት ግመል ሲያልቡ ነቢዩ ወተቱን ጨርሰው እንዳያወጡት፥ ጥቂት እንዲያስቀሩ አዘዋቸዋል። በገበያ ላይ ደግሞ፥ ጡቷ የተመላ እንዲመስል ብሎ ፍየልን ወይም ላምን ሳያልቡ አቈይቶ መሸጥ በሐዲስ የተከለከለ ማታለል ነው፤ የተታለለው ገዢ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሷዕ ተምር ጨምሮ ሊመልሳት ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ገዢውን ብቻ አልበደለም። ጡቱ ያበጠባትን እናትና በገመድ ታስሮ እየጮኸ የሚያድረውን ልጅ ጭምር በድሏል።

በዘካም ቢኾን ዑመር ኢብኑል-ኸጣብ (አላህ ይውደዳቸው) ለሰብሳቢያቸው የሰጡት ትእዛዝ የታወቀ ነው። እረኛው በእጁ የሚሸከመው ግልገል እንኳ ከመንጋው ጋር ይቈጠራል፤ ነገር ግን ለዘካ አይወሰድም። ልጇን የምታጠባ እናት፥ ያረገዘች፥ ለሥጋ የሰባችና የመንጋው አውራም አይወሰዱም። ከ40 እስከ 120 በግ ያለው ሰው አንድ በግ ይሰጣል፤ እርሷም መካከለኛ ናት። መንግሥት ግብሩን ሲሰበስብ እንኳ ሕጉ በምታጠባ እናትና በልጇ መካከል እንዳይገባ ተጠንቅቋል። እኛስ በቤታችን?

በአገራችን አዲስ ቤት ለገባ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ብለን እንመርቃለን። ዛሬ በከተማ የሚኖር ነጋዴ ጥጃ የሚያስርበት ግቢ ላይኖረው ይችላል፤ ልጆቹም ወተትን ከሱቅ ብቻ ያውቁት ይኾናል። እንዲህ ያለ ሰው በመስከረም አንድ ቀን ሱቁን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ፥ ልጆቹን ወደ ዘመዶቹ አገር ቢወስድ መልካም ነው። ዝምድናን መቀጠልም በዚያው ይፈጸማል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የዓመቱ የመጀመሪያ ፍሬ በመጣላቸው ጊዜ በረከትን ለምነውበት፥ በዚያ ካሉት ልጆች ለታናሹ ይሰጡት ነበር። ለንግድ ሸሪኮቻቸው ወይም ለሹማምንት አልነበረም።

የእኔ ልጅ ለሁለቱም ግልገሎች ስም አውጥታላቸዋለች፤ ሦስት ጊዜ የወደቀችይቱን «ጽኑ» ብላታለች። እናታቸው መስክ መውጣት ከጀመረች ወዲህ፥ ከዐስር ሶላት በኋላ መጻሕፍቱን ዘግቼ ከልጄ ጋር በደጁ እቆማለሁ። ፍየሊቱ ገና ከመንገዱ ጥግ ሳትደርስ ጽኑ ድምፅዋን ታሰማለች። ልጄም «መጣች፥ መጣች» ትለኛለች፤ እኔ ግን እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ቀድሜ ሰምቼ አላውቅም።