ሦስት ማሳ በአንድ ወንዝ ዳር

ወዳጄ፣ ዛሬ የማወራህ ስለ አክሲዮን ነው፤ ወሬውን የምጀምረው ግን ከባንክ ደጃፍ ሳይሆን ከኮልቾ አፋፍ ነው። ኮልቾ በደቡብ ኦሞ የካሮ ሰዎች መንደር ናት። ኦሞ ወንዝ ከሥሯ በሰፊው ታጥፎ ያልፋል። ጎብኚው አፋፉ ላይ ሲደርስ ካሜራውን ያወጣል። የኔን ዓይን ሁልጊዜ የሚይዘው ግን ከውሃው ይልቅ ዳርና ዳሩ ነው፦ ወንዙ ሲሸሽ ደለሉን የሚተውበት፣ ማሽላ የሚዘራበት ቀጭን መሬት።

ካሮ ለዘመናት የኖረው በዚያ ደለል ነው። ኦሞ በክረምት መጨረሻ ሞልቶ ዳሩን ያለብስ ነበር፤ ሲጎድል ገበሬው በእርጥቡ ጭቃ ላይ ይዘራ ነበር። ታዲያ ሰውዬው በዚያ ብቻ ተማምኖ አይተኛም። ከወንዙ ራቅ ብሎ በዝናብ የሚበቅል ማሳ አለው። ፍየል አለው። ጸጼ ዝንብ ስላለ ከብት ማብዛት አይሆንለትም፤ ዓሣ ግን ያጠምዳል። በቅርቡ ደግሞ ፎቶ የሚያነሳ ቱሪስት ተጨመረለት። ጎረቤቱ ሐመር ጋ ብትሄድ ሌላ ብልሃት ታያለህ፦ አርብቶ አደሩ ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያጉርም፤ ከፊሉን ራቅ ባለ አገር ላለ ወዳጁ በአደራ ይሰጣል። እዚህ በሽታ ቢገባ እዚያ ይተርፋል። ፈረንጅ «እንቁላልህን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አታስቀምጥ» ብሎ ይተርታል፤ የኛ አገር ሰው ግን ነገሩን ሳይተርት ይኖረዋል።

ይህን ብልሃት በሒሳብ የጻፈው ሃሪ ማርኮዊትዝ የሚባል የቺካጎ ልጅ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1952 «የፖርትፎሊዮ ምርጫ» በሚል ርዕስ ያሳተማት አጭር ጽሑፍ በ1990 የኖቤል ሽልማት አስገኘችለት። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፦ አንድ አክሲዮን ምን ያህል ያተርፋል ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ይኼኛው ሲወድቅ ያኛውስ አብሮ ይወድቃል ወይ ብለህ መጠየቅ አለብህ።

ጂንካ ውስጥ አንድ መምህር ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ቡና ይዘን ስንጨዋወት «ጋሼ፣ እኔ እንኳ አከፋፍያለሁ፤ የሦስት ባንክ ባለአክሲዮን ነኝ» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። እኔም «ሦስት ማሳ አለህ፤ ሦስቱም ግን አንድ ወንዝ ዳር ናቸው» አልኩት። ከፋው። ትንሽ ዝም አለና ሳቀ።

በእርግጥ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። አዋሽ ባንክ በ1987 በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ከተቋቋመ ወዲህ ለተራው ሰው «አክሲዮን» ማለት በአብዛኛው ባንክና ኢንሹራንስ ማለት ሆኖ ኖሯል። ሁሉም ባንክ በአንድ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይተዳደራል። የብድር ጣሪያ ሲጣል ሁሉም ላይ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ሲደርቅም ሁሉም ጋ ነው። እርግጥ አንዱ ባንክ በሥራ አመራሩ ከሌላው ይሻላል፤ ሦስት መያዝ አንድ ከመያዝ ይበልጣል። ወንዙ የቀረ ዓመት ግን ሦስቱም ማሳ ይደርቃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልውሰድህ፤ አይክበድህ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። አንድ ባንክ «25 በመቶ ትርፍ አከፋፈልኩ» ሲል ብዙ ሰው ያጨበጭባል። 25 በመቶው የተሰላው በአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ ላይ ነው። የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ሆኖ አንተ ከሌላ ሰው በ1,500 ብር ገዝተኸው ከሆነ የሚደርስህ 250 ብር ነው። የመንግሥት ግብሩ 10 በመቶ ነው ብንል 225 ይቀርሃል። 225 ለ1,500 ሲካፈል 15 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት የሸቀጥ ዋጋ በ20 በመቶ ከናረ ደግሞ ገንዘብህ በልቶ አልጠገበም። በባለአክሲዮኖች ስብሰባ አዳራሽ የተጨበጨበለት 25 በመቶ ቤትህ ሲገባ ይህን መሰለ።

ይኼ ያለፈው ነው፤ የመጪውስ? እዚህ ላይ የወንዝ ዳር ገበሬ አስተማሪህ ይሁን። ልምድ ያለው ገበሬ አንዱን ጥሩ ዓመት ይዞ አያሰላም። ከአምስት ዓመት ስንቱ ጥሩ፣ ስንቱ መካከለኛ፣ ስንቱ ባዶ እንደነበር ያውቃል። አንተም እንዲሁ አድርግ። ለምሳሌ ከአምስት ዓመት ሁለቱ 30፣ ሁለቱ 18፣ አንዱ ደግሞ ምንም ያስገኛል ብለህ ከገመትክ ድምሩ 96 ነው፤ ለአምስት ሲካፈል 19.2። የምትጠብቀው ትርፍ እሱ ነው እንጂ ሻጩ የነገረህ 30 አይደለም። ባዶውን ዓመት ሒሳቡ ውስጥ መጻፍ ይከብዳል፤ ሰው ገንዘቡን ሊሰጥ ሲነሳ ልቡ ስለሚሞቅ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምርልህ። ያለፈውን አማካይ ማመን የሚቻለው ወንዙ ያው ወንዝ ሆኖ ሲቀጥል ነው። በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ፤ የኦሞም አመል ተለወጠ። አያቶች የቆጠሩት የሙላት ልማድ ለልጅ ልጆች እንደ ድሮው መለኪያ አልሆነም። ቱሪስቱም እንዲሁ ነው፦ በ2012 ኮሮና ሲገባ ካሜራው ሁሉ ጠፋ፤ ፍየሉ ግን አልጠፋም። በገንዘቡም መንደር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል የቀደሙት አሥር ዓመታት ሰንጠረዥ በአንድ ቀን አረጀ። ስለዚህ ያለፈውን ትርፍ ስታይ «ይህን ትርፍ ያመጣው ነገር ዛሬም አለ ወይ?» ብለህ ጠይቅ።

ደስ የሚለው ነገር ዛሬ ማሳው እየሰፋ ነው። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ አቀረበ፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ያለው ሰው ጂንካ ተቀምጦ በቴሌብር ገዛ፤ አዲስ አበባ መውጣት የለ፣ ደላላ የለ። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ቢሆንም 47,377 ሰው ባለድርሻ ሆኗል። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይሻሻጥ ነበር፤ ደርግ ሲመጣ የተዘጋው በር እንደገና የተከፈተው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። አንተ ደግሞ በሩ ሲከፈት በዕድሜ የደረስክ ሰው ነህ!

ታዲያ በሩ ተከፈተ ተብሎ ዘሎ አይገባም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «በምሥረታ ላይ ያለ» ከተባለ አንድ ድርጅት ያማረ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ምሥረታው እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ደረሰኙ መሳቢያዬ ውስጥ ቢጫ ሆኗል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባል የለ? አክሲዮንም እንዲሁ ነው፤ በቀላሉ የገባህበት በቀላሉ አያስወጣህም። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለአክሲዮን አይሆንም። ተበድሮ መግዛት ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ፕሮስፔክተስ የሚባለውን መግለጫ አስወጣና አንብብ፤ ካሰለቸህ ስለ ሥጋት የሚያወራውን ክፍል ብቻ አንብብ፤ ባዶው ዓመት ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው።

መምህሩ ወዳጄ ባለፈው ቅዳሜ፣ በጂንካ የገበያ ቀን፣ ባለ መስመር ደብተር ይዞ መጣ። በግራ በኩል ያለውን ሁሉ ጽፏል፦ ሦስቱ ባንክ፣ 33 የቴሌኮም አክሲዮን፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጣት የአራት ወር አስቤዛ። በቀኝ በኩል ደግሞ እያንዳንዱን ሊያደርቅ የሚችለውን ነገር ጽፏል። ሦስቱ ባንኮች ፊት ለፊት ያለው ቃል አንድ ዓይነት መሆኑን አይቶ በቀይ እስክሪብቶ አያይዟቸዋል። የዘንድሮውን የትርፍ ድርሻ እዚያው ባንኮቹ ጋ አልመልሰውም፣ ሌላ ወንዝ እፈልጋለሁ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ቡናውን እኔ ከፈልኩ።

ልንለያይ ስንል ደብተሩን እንደገና ገለጠው።

«ጋሼ፣ ሐመር፣ ዲመካ እህቴ ጋ ያሉትን ሰባት ፍየሎች የት ልጻፋቸው?»