የልጆቻችንን ክትባት የሚመክሩትን ማን ይቆጣጠራል?



በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በምንኖር ጎረቤታሞች ዘንድ የሕፃናት ክትባት ነገር በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጥያቄ እሰማለሁ። አንደኛው «ልጁን ያተኩሰው ይሆን?» የሚል ነው፤ ለዚህ መልስ የሚሰጥ የጤና ባለሙያ አይጠፋም። ሁለተኛው «ለመሆኑ ይህ መርፌ ለልጆቻችን ይሰጥ ብሎ የወሰነው ማን ነው?» የሚል ነው። ይህ ሲነሣ ግን «ከላይ የመጣ ነው» ተባብለን እናልፈዋለን። «ከላይ» ማለት ማን እንደ ሆነ፣ እርሱንም የሚቆጣጠረው ማን እንደ ሆነ ስለማናውቅ ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለልጃገረዶች መሰጠት ከጀመረበት ከ2018 ወዲህ «መካን ያደርጋል» የሚለው ሐሜት ከቤት ቤት ሲዞር ሰምተናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሜቱ ሐሰት ነው ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም። ሰው የሚጠይቀው ስለ መርፌው ብቻ ሳይሆን ስለ ወሳኙም ነውና ዛሬ ስለዚሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከክትባት በስተጀርባ ሦስት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው ክትባቱ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ጥራቱና ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን መመርመር ነው፤ ይህ በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ድርሻ ነው። ሁለተኛው ምክር ነው። የትኛው ክትባት ለአገራችን ይበጃል? በስንት ወር ዕድሜ? ስንት ጊዜ? ገንዘቡስ ከዚህ ይልቅ ለሌላ ቢውል አይሻልም ወይ? ይህን እያጠና እንዲመክር በ2016 ብሔራዊ የክትባት ቴክኒክ አማካሪ ቡድን ተቋቁሟል። ሦስተኛው ውሳኔ ነው፤ እርሱም የጤና ሚኒስቴር ነው። አማካሪው ይመክራል እንጂ አያዝም፤ ሚኒስቴሩም ያዝዛል እንጂ በራሱ ብቻ ማስረጃ አይመዝንም፤ ቢያንስ አሠራሩ የታሰበው እንዲህ ነው።

ለምን አማካሪ አስፈለገ? የክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1980 ሲጀመር በሽታዎቹ ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ። ከዚያ በኋላ በ2007 አምስት ክትባቶችን በአንድ መርፌ የያዘው መጣ፤ በ2011 የሳንባ ምች መከላከያው፣ በ2013 የሮታ ተቅማጥ መከላከያው፣ በ2015 በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ፣ በ2018 የማኅፀን በር ካንሰሩ፣ በ2019 ሁለተኛው የኩፍኝ መርፌ ተጨመሩ። ካርዱ እየረዘመ ሲሄድ እያንዳንዱ ጭማሪ ምክንያቱን የሚያስረዳ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ቁጥጥር» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አዛዥና ታዛዥ ነው። በእስልምና ታሪክ ግን ቁጥጥር ራሱን የቻለ ሹመት ነበረው፤ ሥራው ሒስባ፣ ሹሙ ሙሕተሲብ ይባላል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ስለ ዳቦ ጋጋሪና ስለ ሥጋ ሻጭ ብቻ ሳይሆን ስለ ሐኪሞችም ምዕራፍ አለ። ሙሕተሲቡ ሐኪሞቹን የሂፖክራተስን መሐላ ያስምላቸዋል፤ የዓይን ሐኪሞችን ደግሞ የሑነይን ኢብን ኢስሐቅን መጽሐፍ ማወቃቸውን ይፈትናል። ልብ በሉ፤ ሙሕተሲቡ ለሕመምተኛው መድኃኒት አይመርጥም። የሚያየው የሐኪሙን ዕውቀት፣ መሐላውንና አሠራሩን ነው። መንግሥት በክትባት አማካሪዎች ላይ ሊኖረው የሚገባውም ቁጥጥር ከዚህ የተለየ አይደለም እላለሁ። ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ያረጋግጥ፤ የሚዛኑን ውጤት ግን አስቀድሞ አይወስን።

ይህ ድንበር ሲዘነጋ ምን እንደሚሆን ከሌሎች አገሮች እንመልከት። በአሜሪካ በ1998 ሮታሺልድ የተባለ የመጀመሪያው የሮታ ክትባት ተፈቀደ፤ የአገሪቱ የክትባት አማካሪ ኮሚቴም ለሕፃናት ሁሉ ይሰጥ ብሎ መከረ። ዓመት ሳይሞላው፣ በጁላይ 1999፣ ከክትባት በኋላ የሚደርስ ጉዳት በሚመዘገብበት ሥርዓት 15 ሕፃናት አንጀታቸው ወደ ራሱ ውስጥ እየገባ መዘጋቱ ተመዝግቦ ተገኘ። ክትባቱ ቆመ፤ በኦክቶበር ኮሚቴው ምክሩን ሻረ። በ2000 የመንግሥትን አሠራር የሚመረምረው የምክር ቤት ኮሚቴ ነገሩን ይዞ ሰነድ አስቀረበ። በሪፖርቱ መሠረት በጁን 1998 ስለ ሮታ ክትባት ድምፅ ከሰጡት ስምንት አባላት መካከል አራቱ የሮታ ክትባት ከሚያዘጋጁ ኩባንያዎች ጋር የገንዘብ ግንኙነት ነበራቸው። ይህ ጉቦ በልተዋል ማለት አይደለም፤ ግንኙነቱን ሕዝብ ቢያውቀው ግን ምክሩን በሌላ ዓይን ይመዝነው ነበር። ከሮታሺልድ ጉዳት የተገኘው ትምህርት ቀጥለው የመጡትን የሮታ ክትባቶች እያንዳንዳቸውን ከ60,000 በላይ በሆኑ ሕፃናት ላይ እንዲሞከሩ አድርጓል። በአገራችን ከ2013 ጀምሮ መሰጠት የጀመረው የሮታ ክትባት በዚህ ፈተና ያለፈ እንጂ ሮታሺልድ አይደለም።

ከ25 ዓመት በኋላ በዚያው አገር ሌላ ነገር ሆነ። በጁን 2025 የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር የዚሁኑ አማካሪ ኮሚቴ 17 አባላት በሙሉ በአንድ ቀን አሰናበቱ። የሰጡት ምክንያት ያው የጥቅም ግንኙነት ነበር። በቀናት ውስጥ የራሳቸውን ምርጫ ስምንት አዲስ አባላት ሰየሙ፤ በዲሴምበር 2025 አዲሱ ኮሚቴ ማንኛውም ጨቅላ እንደ ተወለደ የጉበት በሽታ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባት ይሰጠው የሚለውን የቆየ ምክር ለማንሣት ድምፅ ሰጠ። በሁለቱም ጊዜ የተነሣው ክስ አንድ ነው። በ2000 ሰነድ ተጠየቀ፤ በ2025 ሰዎቹ ተባረሩ። በ2000 የተደረገው የሙሕተሲብ ሥራ ነው፤ የሁለተኛው ግን ሚዛኑን ሰብሮ ሌላ ሚዛን እንደ ማምጣት ነው፤ አዲሱስ ሚዛን ትክክል መሆኑን ማን ፈተነው?

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የካኖ ታሪክ ነው። በሰሜን ናይጄሪያ በምትገኘው በካኖ በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት ሞከረ። በሙከራው ከነበሩት 200 ሕፃናት 11 ሞቱ፤ አምስቱ አዲሱን፣ ስድስቱ የተለመደውን መድኃኒት የወሰዱ ነበሩ። ወላጆች «በቂ ፈቃድ አልተጠየቅንም» አሉ። ኩባንያው ጥፋቱን ባይቀበልም በ2009 ከካኖ መንግሥት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። እንግዲህ በ2003 «የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሲነሣ በካኖ የነበረው ጥርጣሬ ከምንም የበቀለ አልነበረም። ገዥው ኢብራሂም ሸካራው ክትባቱን አስቆሙ። ፌዴራል መንግሥቱ ክትባቱ ደኅና ነው ቢልም ካኖ አላመነም፤ የራሷን ቡድን አቋቋመች። ቡድኑም በክትባቱ ውስጥ የሆርሞን ርዝራዥ አገኘሁ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ ጉዳት የለውም ሲል መለሰ። ነገሩ የበረደው የሃይማኖት አባቶች ያሉበት ልዑክ ወደ ውጭ ሄዶ ምርመራውን በዓይኑ ካየ፣ ካኖም ከሙስሊሟ አገር ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ ክትባት ለመቀበል ከተስማማች በኋላ ነው። በጁላይ 2004 መጨረሻ ክትባቱ ቀጠለ።

በእነዚያ ወራት ግን ቫይረሱ ድንበር ተሻገረ። በቻድና በሱዳን በኩል መጥቶ በ2004 መጨረሻ አገራችን ገባ፤ ከ2001 ጀምሮ ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ በትግራይ እንደገና ሽባ የሆነ ልጅ አየች። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ደረሰ። በ2005 በየመን ከ400 በላይ ሕፃናትን ያዘ። ክትባቱን የሰጠችው ኢንዶኔዥያ ራሷ ሳትቀር ከዚያው ቫይረስ ከ300 በላይ ሕፃናቷ ተያዙ። የካኖ ሰዎች የመጠየቅ መብት ነበራቸው፤ እንዲያውም መጠየቃቸው ተገቢ ነበር። እየጠየቁ ማስከተብ ሲቻል ማቆማቸው ግን የሌላ ሰው ልጅ አስከፈለ። ፌዴራል መንግሥቱስ በመጨረሻ ያደረገውን፣ ዓሊሞችን ወስዶ ማሳየቱን፣ በመጀመሪያው ወር ቢያደርገው ኖሮ?

በኢንዶኔዥያም በ2018 ተመሳሳይ መዘግየት ታየ። ከውጭ የመጣው የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት ሲመረት ከአሳማ የተገኘ ነገር መነካካቱን የአገሪቱ የዑለማዎች ምክር ቤት አረጋገጠ፤ ሌላ ሐላል አማራጭ ስለሌለና ባለሙያዎች የበሽታውን አደጋ ስለመሰከሩ በዶሩራ፣ ማለትም በግድ አስፈላጊነት፣ ተፈቅዷል ሲል ፈትዋ ሰጠ። ፈትዋው ሐቀኛ ነበር፤ እውነቱን አልሸፈነም፤ ሕፃናቱንም አልተወም። ዘመቻው ግን ከተጀመረ አንድ ዓመት አልፎት ነበርና በብዙ ቦታ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቀሩ። ዓሊሞቹ በምክሩ ጊዜ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ መልሱ ከመርፌው ይቀድም ነበር።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት ሕፃናት በአገር ደረጃ ከ100 39 ነበሩ፤ በአዲስ አበባ 89፣ በአፋር ግን 15። የአፋሩ ልጅ ያልተከተበው በአብዛኛው በወሬ ሳይሆን በርቀት፣ በመንገድና በማቀዝቀዣ እጦት ነው። ይህ ማለት ወሬ ለእኛ ለከተሜዎቹ የተተወ በሽታ ነው ማለት ነው፤ ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስበት እኛ በጥርጣሬ ስንቀር ነገሩ ያሳፍራል።

ቢሆንም ጥርጣሬ በተግሣጽ አይነሣም። የዓለም ጤና ድርጅት የአንድን አገር አማካሪ ቡድን የሚመዝንባቸው ነጥቦች ስድስት ናቸው፤ ሕጋዊ ወይም አስተዳደራዊ መሠረት አለው ወይ፣ የጽሑፍ የሥራ መመሪያ አለው ወይ፣ ቢያንስ አምስት የሙያ ዘርፎች ተወክለዋል ወይ፣ በዓመት ቢያንስ አንዴ ይሰበሰባል ወይ፣ አጀንዳና ሰነድ ከሳምንት በፊት ይደርሳል ወይ፣ አባላቱ የጥቅም ግንኙነታቸውን ይገልጻሉ ወይ። ለእነዚህ መልስ ለማግኘት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ሚኒስቴሩን ሲጠራ ስንት ልጆች ተከተቡ ብሎ ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ሊጠይቅ ይገባል። በብዙ አገሮች የአማካሪው ጽሕፈት ቤት በጤና ሚኒስቴሩ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሚመከረው አካል አማካሪውን በእጁ እንዳይጠመዝዝ የሚያይ ሦስተኛ ዓይን የግድ ነው። ሚኒስቴሩ ምክሩን ካልተቀበለም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ግልጽነት ማለት ደግሞ የአማካሪው ምክርና የአባላቱ የጥቅም መግለጫ እናት በምታነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ መውጣቱ ነው። ከክትባት በኋላ የደረሰ ጉዳት ካለም ተመርምሮ ውጤቱ ይነገር፤ ሮታሺልድን ያስያዘው ጉዳትን መመዝገብ ነበርና።

በእኛም በኩል ሥራ አለ። በ2020 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ድምፅ የማይሰጥ ታዛቢ ወንበር በአማካሪው ስብሰባ ላይ ቢጠይቅ፣ የጀላቲንና የመሳሰለው ጥያቄ ክትባቱ ከመታዘዙ በፊት ይነሣል። ሐጅ የሚሄድ ሁሉ የማጅራት ገትር መርፌ ተወግቶ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ለራሳችን ያላነሣነውን ጥርጣሬ ለልጆቻችን ስናነሣ እንግዲያው መጠየቂያውን በር እንወቅ። የልጁ ቀጠሮ በደረሰ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ጥያቄው ደግሞ ከሐዋሳ መርጠን ለላክናቸው የምክር ቤት አባላት ይድረስ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ከተማችን ለውይይት ሲመጡ እኔ የምጠይቃቸው ይህን ነው፤ የአማካሪ ቡድኑን የመጨረሻ ምክር አንብበውታል?