ያገለገለ ልብስ በስልክ ሲሸጡ፦ ከአስቸጋሪ ገዢ ጋር እንዴት እንግባባ?

ልጆች ያድጋሉ፣ ልብሳቸው ያጥራል፣ ቁም ሣጥኑ ይሞላል። ገና ያላለቀ ጃኬት ወይም አንድ ጊዜ ለሠርግ የተለበሰ ቀሚስ ከመጣል በፌስቡክ፣ በያድ 2 ወይም በዋትስአፕ መሸጥ ይሻላል። ከተማችን ቂርያት ጋት የፖልጋትና የባጊር ፋብሪካዎች ከተማ ስለነበረች፣ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ልብሱን እናውቃለን፤ የሚያስቸግረን ገዢው ነው።

በአገራችን ገበያ ገዢው ልብሱን በእጁ ዳስሶ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ አይቶ ነበር የሚገዛው። በስልክ ግን የሚያየው ፎቶውን ብቻ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። በዚያ ላይ እኛ ይሉኝታ አለብን። ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ ሲያኮርፍ እናፍርና ዋጋ እንቀንሳለን፣ ገንዘብ እንመልሳለን። ጨዋነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ጨዋ ሰው ሁሉ የጠየቁትን የመስጠት ዕዳ የለበትም።

መጀመሪያ፦ ሁሉን በጽሑፍ ያስቀምጡ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ጠቡን ከመነሻው መከላከል ይቻላል። ልብሱን አጥበው በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱ። እድፍ፣ የላላ ስፌት ወይም የጎደለ ቁልፍ ካለ እሱንም ለብቻው አንስተው ያሳዩ። ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ርዝመቱንና የደረቱን ስፋት በሜትር ለክተው ይጻፉ። ለምሳሌ፦

«የሴት ልጅ ጃኬት፣ ለ8 ዓመት፣ የደረቱ ስፋት 38 ሳንቲ ሜትር፣ በግራ እጅጌው ላይ ትንሽ እድፍ አለ። 40 ሼቄል፣ መሂር ሶፊ (የመጨረሻ ዋጋ)። ኢሱፍ ዓጽሚ (ገዢው ራሱ መጥቶ ይወስዳል)።»

ዕብራይስጡ ካስቸገረዎ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ይጻፍልዎ። ዋጋውን ግን እርስዎ ይወስኑ።

በር ላይ ዋጋ የሚቀንስ ገዢ

እንበል በ40 ሼቄል ተስማምታችሁ ሳለ ገዢዋ በር ላይ ቆማ «የያዝኩት 25 ብቻ ነው» አለች። አይቆጡ፣ አይለምኑም። «ሲካምኑ ዓል አርባዒም» ይበሏት፤ በ40 ተስማምተናል ማለት ነው። ካልተስማማት «ችግር የለም፣ ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ» ብለው በሰላም ያሰናብቷት። ዝቅ ብለው የሚሸጡበትን ዋጋ አስቀድመው በልብዎ ከወሰኑ፣ በዚያች ሰዓት አይደናገጡም።

እመጣለሁ ብሎ የሚቀር ገዢ

«አስቀምጡልኝ» ብሎ ሳምንት የሚጠፋ ሰው ሌላውን ገዢ ያሳጣዎታል። ስለዚህ ቀነ ገደብ ይስጡት፦ «እስከ ነገ ምሽት 7፡00 ሰዓት አስቀምጥልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው እሰጣለሁ።» በእስራኤል ሰዓት መሆኑን አይርሱ፤ በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡00 ነው። ሰዓቱ ካለፈ ያለ ጸጸት ለሌላ ይሽጡ። በተለይ የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ከሲግድ በፊት ያለው ጊዜ ውድ ነው።

ወስዶ «ገንዘቤን መልሱ» የሚል ገዢ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገን ግዢ በ14 ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት ይሰጣል። ይህ ሕግ የሚናገረው ግን ስለ ዖሴክ፣ ማለትም ንግድ ሥራው ስለሆነ ሰው ነው። የቤቱን አሮጌ ልብስ አልፎ አልፎ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይደለም። እየገዛ ዘወትር የሚሸጥ ግን እንደ ነጋዴ ሊታይ ይችላል።

ይህ ማለት ጉድለትን መደበቅ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። በ1968 የወጣው የሽያጭ ሕግ ለግል ሻጭም ይሠራል። የሚያውቁትን ጉድለት ከደበቁ ገዢው ሊጠይቅዎ ይችላል። ገዢም በበኩሉ ዕቃውን ሲረከብ ማየትና ጉድለት ካገኘ ቶሎ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት «ይመልከቱት፣ ይለኩት» ይበሉት። እድፉን ጽፈው ካሳዩና ገዢው አይቶ ከወሰደ፣ «ልቤ ተለወጠ» ስላለ ብቻ ገንዘብ የመመለስ ግዴታ የለብዎትም። ያልጻፉት ጉድለት ከተገኘ ግን ልብሱን ተቀብለው ገንዘቡን መመለስ ትክክል ነው።

ገዢ መስሎ የሚመጣ አጭበርባሪ

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። በቢት ወይም በፔይቦክስ ገንዘብ ለመቀበል ስልክ ቁጥርዎ ይበቃል። «ገንዘቡን ለመቀበል ይህን ሊንክ ይክፈቱና የካርድ ቁጥርዎን ይጻፉ» ወይም «በመልእክት የመጣልዎትን ኮድ ንገሩኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። «ከፍያለሁ» ብሎ ፎቶ ቢያሳይም፣ ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ስልክ ሳያዩ ልብሱን አይስጡ። «አጽድቅ» የሚል ነገር ሲመጣም ገንዘብ የሚቀበሉ ወይስ የሚከፍሉ መሆንዎን አስነብበው ይረዱ። ርክክቡ በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ይሁን።

የካርድ ቁጥርዎን ከሰጡ አይፈሩ፣ ከልጆችዎም አይደብቁ። ወዲያው ወደ ባንክዎ ወይም ወደ ካርድ ድርጅቱ ደውለው ካርዱን ያዘጉ። ለኢንተርኔት ማጭበርበር 119፣ ለፖሊስ 100 ይደውሉ።

በመጨረሻም፣ ከገዢው ጋር የተጻጻፉትን አያጥፉ። ነገሩ ከከረረ በትናንሽ የገንዘብ ክርክሮች ፍርድ ቤት፣ በቤት ሚሽፓት ሊትቪዖት ክታኖት፣ ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል። እዚያ የሚጠቅምዎ ጩኸት ሳይሆን የጻፉት ነው። ሐቁን የጻፈ ሻጭ ይሉኝታ ሳይዘው፣ ሳይቆጣም፣ «አይሆንም» ማለት ይችላል።