በሙቀት ወቅት ችግኝ ማፍላት፦ ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለረጂዎች የተዘጋጀ ትምህርት



ከአሊዩ አምባ በታች ባለው የይፋት ቆላና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሽንኩርት በመስኖ በደንብ የሚለሙት አየሩ በሚበርድባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ችግኛቸው ግን አስቀድሞ፣ የመስከረም ፀሐይ ገና ሳትለዝብ መፍላት አለበት። የቲሞችን ለምታሳድግ እናት አንድ እሽግ ዘር ቀላል ወጪ አይደለም። ዘሩ መደብ ላይ ተቃጥሎ ከቀረ ገንዘቡም ወቅቱም አብረው ያልፋሉ።

ለመሆኑ ዘሩን የሚጎዳው ምንድን ነው? ከአየሩ ይልቅ የአፈሩ ገጽ ሙቀትና ድርቀት ነው። ጥቃቅን ዘር ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ስለሚዘራ፣ ፀሐይ በመጀመሪያ የምታደርቀው እርሱ ያለበትን አፈር ነው። ሰላጣ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ዘሩ ሳይሞት አንቀላፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ሰላጣን አመሻሽ ላይ መዝራት ይበጃል፤ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ያሳልፋልና።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ መደብ ተዘጋጅቶ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተሰመሩ መስመሮች ላይ ዘሩ ሳሳ ተደርጎ ይዘራል። ተጨናንቆ የበቀለና ውኃ የተኛበት ችግኝ አንገቱ ይበሰብሳል።

ሁለተኛ፦ መደቡ በደረቅ ሣር ይሸፈናል፤ ጧትና ማታም በወንፊት በሚወርድ ውኃ ይጠጣል። ቡቃያው ብቅ እንዳለ ሣሩ ሳይዘገይ ይነሣል።

ሦስተኛ፦ ከመደቡ በላይ 1 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ዳስ ተሠርቶ በሣር ወይም በማሽላ አገዳ ይከደናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥላው የሚያስፈልገው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ለመዛመት ከ7 እስከ 10 ቀን ሲቀረው ዳሱ ፈጽሞ ይነሣል፤ ውኃውም ይቀነሳል። በጥላ ሥር ብቻ ያደገ ችግኝ ቀጭንና ረጅም ስለሚሆን ማሳ ላይ ሲወጣ ይጠወልጋል።

ጥቅል ጎመን ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ሽንኩርት ደግሞ ከ45 እስከ 55 ቀን ባለው ጊዜ ይዛመታል። ሥራው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይከናወን፤ ችግኙም ወዲያው ውኃ ይጠጣ። ካሮት ግን ሥሩ ስለሚጣመም አይዛመትም፤ በቦታው ይዘራል።

ለረጂዎች የምናሳስበው አንድ ነገር አለን። ዘር ብቻውን ሰጥቶ መመለስ ልግስናውን ያጎድላል። ከዘሩ ጋር የውኃ ማጠጫ፣ የዳስ እንጨትና በእነዚያ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት መደቡን እየተመላለሰ የሚያይ ሰው ይታከልበት። ያን ጊዜ የተሰጠው ዘር ለልጆቹ ማዕድ ይደርሳል፤ ኢንሻአላህ።