የኤር ኮንዲሽነር ጥገና ጨረታ፦ አሸንፎ መክሰር እንዴት ይመጣል?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። እስከዚያ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን ዓመቱን ሙሉ የተበላሸ ማሽን ታግሶ የከረመ መሥሪያ ቤት ግንቦት ሲገባ ይቸኩላል። የጨረታ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ነጋዴ ይህን ወቅት ያውቀዋል።

የኤር ኮንዲሽነር ጥገና ከሩቅ ሲታይ ቀላል ሥራ ነው። እንደ ሕንፃ ግንባታ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ ሁለት ሠራተኛ፣ አንድ የጋዝ ሲሊንደርና ጥቂት መለዋወጫ ያለው ሁሉ ይወዳደራል። ተጫራች ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሰነዱን አንዲት መስመር በጥንቃቄ ያላነበበ ነው። መስመሯም «ጋዝ መሙላት» የምትለው ናት።

የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። ቧንቧው ካልተበሳ፣ ማያያዣውም ካልላላ፣ ማሽኑ አሥር ዓመት ቢሠራ ጋዙ እዚያው ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ ጋዝ ጎደለ ማለት አንድ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። ትክክለኛው ጥገና በናይትሮጅን ግፊት ፍሳሹን መፈለግ፣ ቀዳዳውን መበየድ፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ማውጣት፣ ከዚያ ጋዙን በሚዛን መሙላት ነው። የሥራ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ክፍል ማሽኑን ሳይከፍት ስለሚጽፍ እነዚህ ሁሉ ተዘለው የመጨረሻው ብቻ ይቀራል።

በቁጥር እንየው፤ አሃዙ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው። ሰመራ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት 40 ማሽኖችን ለማጽዳትና ጋዝ ለመሙላት ጨረታ አወጣ እንበል። የአዲስ አበባው ተጫራች ለአንዱ 6,000 ብር ሰጥቶ በ240,000 ብር አሸነፈ። ወጪው በማሽን 4,800 ብር ስለሆነ 48,000 ብር ትርፍ አሰበ። ውሉ ግን የስድስት ወር ዋስትና አለው። በሦስተኛው ወር 10 ማሽኖች ማቀዝቀዝ አቆሙ። እነሱን እንደገና ለመሙላት 40,000 ብር፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዙት ሠራተኞች አበልና ትራንስፖርት 15,000 ብር ወጣ። ትርፉ አልቆ 7,000 ብር ከኪስ ተጨመረ። ቀዳዳው አሁንም አልተደፈነም፤ 10 በመቶ የተያዘው የውል ማስከበሪያ፣ ማለትም 24,000 ብር፣ ገና አልተለቀቀም።

የጋዙ ዓይነትም ሌላ ጣጣ አለው። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ውስጥ ያለው አር 22 በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው። ኢትዮጵያ ያለችበት የታዳጊ አገሮች ምድብ ፍጆታውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2025 ጀምሮ ከመነሻው በ67.5 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ በ97.5 በመቶ የመቀነስ ግዴታ አለበት። አቅርቦቱ በሕግ እየጠበበ ያለን ዕቃ በአምናው ዋጋ መተመን አደጋ ነው። አር 410ኤ ይተካል ብሎ የሚያስብም ይሳሳታል፤ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ፣ ዘይቱም የተለየ ስለሆነ አሮጌው ማሽን ውስጥ አይሞላም።

ከዚህ በላይ የውጭ ምንዛሪ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ደረሰ፤ ቀጥሎም 100 ብርን አለፈ። ሰኔ ላይ የኮምፕሬሰር ዋጋ ሰጥቶ ነሐሴ ላይ ውል የፈረመ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት አያዳግትም። የጥገና ውል አጭር በመሆኑ የዋጋ ማስተካከያ እምብዛም አይፈቀድለትም። መሥሪያ ቤቱ የዋጋው መጽኛ ጊዜ ይራዘም ብሎ ሲጠይቅ ግን ተጫራቹ ለመስማማት አይገደድም፤ በመደበኛው የጨረታ ሰነድ እምቢ ቢልም የጨረታ ማስከበሪያው አይወረስበትም። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ ዝም ብለው ይፈርማሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማሽኖቹ ያሉበት ድረስ ሄዶ ማየት ይቀድማል። ጥቂቶቹን እንኳ በጌጅ መለካት ስንቶቹ እንደሚያፈሱ ፍንጭ ይሰጣል። ከዚያ ሰነዱ በፈቀደው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማብራሪያ መጠየቅ ነው፦ ፍሳሽ መፈለግና መበየድ ለብቻው ዋጋ ይሰጠዋል ወይስ በጋዙ ውስጥ ይካተታል?

ጥያቄው ተፎካካሪን ያነቃል ብለው የሚፈሩ አሉ። ፍርሃቱ ግልብጥ ነው። መልሱ የሚላከው ለተጫራቾች ሁሉ ስለሆነ ቀዳዳውን ሳያስብ ዋጋ ሊሰብር የነበረውም ሰው ያንኑ ወጪ ለመቁጠር ይገደዳል። መልሱ «ይካተታል» ከሆነ በጋዙ ዋጋ ላይ የብየዳውን ሒሳብ ጨምሮ ማስገባት ነው፤ በዚያ ዋጋ ካልተሸነፈም ለሰነድ መግዣ የወጣው ገንዘብ ብቻ ይቀራል።